ስምንት ሚሊ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው ሱቄ፤
ውርጭ ያጣበቀውን መዝጊያ በትከሻ ገፍቼ አላቅቄ፣
ገና ጓንቴን ሳላወልቅ፣ አምፖሉንም ሳላበራ፣
አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ጋዜጣ የጠቀለለ ስባሪ ይዘው በግራ።

ጋሽ ሸዋፈራሁ ናቸው፤ እዚያ ብርድ ልብስ ፋብሪካ
ሠላሳ ዓመት ጆሯቸው የማሽን ሕመም ሲለካ
የኖረ፤ እሳቸው ጡረታ ቢወጡም፣ እሱ ያልወጣ።
«የሻወር በር ነው» አሉኝ፣ «ተንሸራታቹ፤ አመጣብን ጣጣ።»

ጋዜጣውን ፈታሁት። ጎማ ነው፣ ጥርሱ የረገፈ፣
ኩሽኔቱ በዝገት ቀልቶ፣ ኖራ ወገቡን ያቀፈ።
«ሰኔ ላይ ርካሹን ገዛን፤ ጥቅምትን ሳያይ አለፈ።»

«መስታወቱ ስንት ሚሊ ነው?» ስላቸው፣ ከኪሳቸው
ካርቶን መዘዙ፣ ውፍረቱን በእርሳስ ያሰመሩበት በእጃቸው።
ስምንት ናት። የሸጡላቸው ግን ለስድስት የሚሆን ጎማ፤
ጠባብ ጫማ ያጠለቀ መንገደኛ፣ ምን ይገርማል ቢደማ።
ወርዱን በካሊፐር ለካሁ፤ ሃያ ሦስት፤
በዱቤ መዝገቤ ጀርባ ጻፍኩት፣ ኋላ እንዳልስት።

«ሐዲዱስ?» አልኳቸው። «ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ባትሪ አብርቼ፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት፣ ጉብታ ይኖር ይሆን ብዬ ፈርቼ፤
መሐሉ ጋ ሰምጧል።»
በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ወንበር ላይ!
«እንግዲያው እሱም ይቀየር፤ ሁለት ሜትሩን ቆርጬ ልስጥ፤
አዲስ ጎማ በጎባጣ ሐዲድ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ነው የሚገለበጥ።
ሐዲዱ ክብ ሆኖ ደግሞ ጎማው ጠፍጣፋ ከሆነ፣
ያለ ሽማግሌ ጋብቻ ነው፣ ሳይስማማ የተከናወነ።»

ደረደርኩላቸው በተራ፤ ይኸው ናይሎን፣ ይኸው ናስ፣
ይኸው ስቴንለስ፣ ውሃ ሲያገኘው የማያነጥስ።
ሰሙኝ፤ መልስ አልሰጡም። አንዱን አነሡ በሁለት ጣት፣
ጆሯቸው ጥግ አሾሩት፣ ዓይናቸውን ከድነው በድንገት።
«ይኼ ይጮኻል» ብለው ተዉት። ሁለተኛውን፤ «ይኼ ያስላል።»
ሦስተኛውን። ቆዩ። «ይኼስ፣ ሞቷል ወይስ ይሠራል?»

«ይኼማ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «የሱቁ ቁንጮ፣ ዝምተኛው፤
ኩሽኔቱ ድርብ፣ የታሸገ፤ ሌሊት ቢከፈት አይሰማም ለተኛው።»
«መልሰው» አሉኝ።

የሲሚንቶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌጤነሽ» አሉ፣ «ባለፈው ክረምት ግራ እጇ ከዳት፤
በአንድ ጣት የሚገፋ በር ነው የምፈልግላት።
አብሬሽ ልግባ ስላት ታፍራለች፤
ሃምሳ ዓመት ኖረን፣ ‹ውጣልኝ› ትላለች።
ኮሪደሩ ላይ ጋቢዬን ለብሼ እቆማለሁ፤
ውሃው ሲቆም እሰማለሁ። ከዚያ በሩን እጠብቃለሁ።
እሱ ካልተናገረ፣ ትውጣ ትውደቅ በምን አውቃለሁ?»

ዐሥራ አንድ ዓመት ጸጥታን በዋጋ ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣
የምመልሰው አጣሁ፤ ሳጥኔን ብቻ ሳምሰው፣
ከቪቲ ክምር ሥር ተገኘ፤ ላዩ ናይሎን፣ ልቡ ስቴንለስ፣
ስምንት ሚሊ የሚሸከም፣ በአንድ ጣት ሄዶ የሚመለስ።
አሾሩት። ሹ... አለ፣ በጣም በቀስታ፣
ደጅ የቆመ ሰው «አለሁ» እንደሚል፣ በግማሽ ሰላምታ።

«ይኼ።»

«ከዝምተኛው ይረክሳል?» «አዎን።» «ቢሆንም ሃምሳ ብር ቀንስ።»
ቀነስኩ። ምን አደርጋለሁ።

ሐዲዱን በመጋዝ ቆረጥኩ፤ ጫፉን ሞርጄ፣ እጇን እንዳይጭረው።
የሲሊኮን ቅባትም በነፃ ጨመርኩ፤ ከደጅ ተመልሰው አስቀመጡት።
ሲወጡ የሱቄ መዝጊያ ሲጢጥ አለ፤
በውርጩ መሐል ቆመው አዳመጡት።
«ይኼንን ግን ቀባው» አሉኝ።